የትኛው ሄክታር ነው የወጣው?

ኅዳር መገባደጃ ላይ ከገላን ተነስቶ በዱከም በኩል ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደውን መንገድ ግራና ቀኝ ያየ ሰው፣ እርሻና ከተማ ቦታ ሲጋፉ ያያል። አንድ የፋብሪካ ግንብ ያልቅና በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ይተካል፤ ከዚያ ቀጥሎ በሁለት አጥሮች መካከል የተረሳ የሚመስል፣ ከአንድ ጥማድ ብዙም የማይበልጥ ማሳ ይመጣል። ጤፉ ፍሬው ከብዶት ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። አጫጆቹ ጎንበስ ብለው እየጨበጡ በማጭድ ይቆርጣሉ፤ ነዶው ከኋላቸው ይሰበሰባል። በታጨደው በኩል መሬቱ ተገልጦ ይታያል፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ እጅ እስከ አንጓ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለበት መረሬ ነው። ቦታው አድአ ነው፣ የማኛ ጤፍ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው አገር። በቆርቆሮ አጥሩ ውስጥ ደግሞ ግንባታ የለም፤ አረምና ሣር ብቻ።

እንዲህ ያለው መሬት ሲሄድ አገሪቱ ምን ያህል እህል ታጣለች? ለዚህ የተለመደ መልስ አለ፤ የሚገኘውም በማባዛት ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ እንዲያርፍ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ይይዛል ተብሏል፤ 3,500 ሄክታር ማለት ነው። ሁሉም ጤፍ ይዘራበት ነበር እንበልና በ2012 ዓ.ም. በተመዘገበው አገር አቀፍ አማካይ፣ በሄክታር 18.5 ኩንታል፣ እናባዛው። 65 ሺህ ኩንታል ገደማ ይመጣል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የጤፍ ምርት ከ57 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነበር። ስለዚህ የሚጎድለው ከሺህ አንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የአበባ እርሻዎችም በዚሁ ሚዛን ሲታዩ ቀላል ናቸው። በሆለታ፣ በሰበታ፣ በዝዋይና በሌሎችም ቦታዎች ያሉት ቢደመሩ ከ2,000 ሄክታር አይበልጡም፤ በእህል ውድነት የሚወቀሱትን ያህል መሬት አልያዙም።

በስሌቱ ውስጥ ሐሰት የለም። ችግሩ አንዱ ሄክታር ከሌላው እኩል ነው ብሎ መነሳቱ ላይ ነው። መሬት ከምግብ ሰብል ሲወጣ በአቅርቦቱ ላይ የሚደርሰውን ለማወቅ ስፋቱን መቁጠር መነሻ እንጂ መድረሻ አይሆንም። የወጣው የትኛው መሬት ነው? ሲያስፈልግ ተመልሶ ይታረሳል? እህሉስ በጣም የሚፈለገው በየትኛው ዓመት ነው? እነዚህ ካልተጠየቁ አማካዩ ያሳስታል።

መረሬን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለገበሬ የሚመች አፈር አይደለም። ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ በሬ ይሰምጥበታል፣ ሲደርቅ ደግሞ ማረሻ ይሰብራል። ጤፉም ለዚህ ነው ዘግይቶ፣ ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ የሚዘራበት። ነገር ግን ያን ሁሉ ውሃ የጠጣው ሸክላማ አፈር ዝናቡ መስከረም ላይ ካቆመ በኋላ እርጥበቱን ቀስ እያለ ይለቃል፤ ሰብሉ ፍሬ የሚሞላው ሰማዩ ከደረቀ በኋላ ነው። ክረምቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢወጣ ስስ አፈር ባለው ተዳፋት ላይ ያለው ሰብል ፍሬ ሳይዝ ሊቀር ይችላል፤ መረሬው ላይ ያለው ግን የሚያሻግረው እርጥበት አለው። ጥሩ ዝናብ በጣለበት ዓመት የሁለቱ መሬቶች ልዩነት ጥቂት ኩንታል ሊሆን ይችላል፤ ክፉ ዓመት ሲመጣ ግን ልዩነቱ የማምረትና ያለማምረት ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ በደረሰው ድርቅ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ክፉኛ የተመታው በአብዛኛው የምሥራቁ ክፍል ሲሆን፣ አገሪቱ ከእርዳታው ጎን በከተማም በገጠርም የቆመችው ዝናብ ያልከዳቸው የመሀልና የምዕራብ አካባቢዎች ባመረቱት ነው። ከሺህ አንድ የሚለው ስሌት የተሠራው በደህና ዓመት አማካይ ነው፤ መሬቱ የሚናፈቀው ግን በሌላ ዓመት ነው።

ሌላም ነገር አለ። አገሪቱ ካመረተችው ጤፍ አብዛኛው እዚያው አምራቹ ቤት ይበላል፣ ለዘር ይቀመጣል፣ ለጉልበት ይከፈላል። ገበያ የሚወጣው ከሲሶ ብዙም አይርቅም። ከተማው የሚበላውም፣ ዋጋ የሚወሰነውም በዚህ ሲሶ ነው። ከተማ ሲሰፋ የሚውጠው መሬት ደግሞ መንገድ ዳር ያለውን ነው፣ ለገበያ የሚያመርተውን። ስለዚህ ኪሳራው ከጠቅላላው ምርት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢመስልም፣ በገበያ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ያድጋል። እህል ሲጎድል ሰው መብላት ስለማይተው በአቅርቦት ላይ የሚታይ ትንሽ ጉድለት በዋጋ ላይ ከመጠኑ በላይ ገዝፎ ይታያል። ጭዱንም እንዳንረሳ። የጤፍ ጭድ የአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላሞች መኖ ነው፣ የጭቃ ቤት መምረጊያም ነው። ማሳው ሲሄድ እህሉ ብቻ አይሄድም፤ ወተቱም ይወደዳል፣ ይህ ግን በየትኛውም የሄክታር ሠንጠረዥ ላይ አይገባም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ከተሞች ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት እንደ ጉድ ሰፍተዋል፤ ምርት ግን አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨምሯል። ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። በ1996 ዓ.ም. ጤፍ የተዘራበት መሬት 2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነበር፤ ከአንዱ ሄክታር 8.4 ኩንታል፣ በጠቅላላው ከ17 ሚሊዮን ኩንታል በታች ተገኘ። በ2012 ዓ.ም. መሬቱ 3.1 ሚሊዮን ሄክታር፣ ከአንዱ የሚገኘው 18.5 ኩንታል ሆነ። የሄክታሩ ምርት ከእጥፍ በላይ አደገ። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ በተለይም በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ዝርያ ድርሻ አላቸው። (ቁንጮን ያወጣው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል መሆኑን፣ ማዕከሉም ያለው በዚያው ፋብሪካ በከበበው አድአ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።) ታዲያ ምርታማነት እያደገ ጥቂት ሺህ ሄክታር ለከተማ ቢሄድ ምን ይጎዳል?

ቁጥሩን ግን በሌላ በኩል እናዙረው። የ2012ቱ ምርታማነት እንዳለ ሆኖ መሬቱ በ1996ቱ ስፋት ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምርቱ 37 ሚሊዮን ኩንታል ላይ ይገታ ነበር። ቀሪው 20 ሚሊዮን ኩንታል የመጣው መሬት ስለተጨመረ ነው። የተጨመረው 1.1 ሚሊዮን ሄክታር ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። ግጦሽ ታረሰ፣ ጦሙን ያድር የነበረው እረፍቱን አጣ፣ ሌላ ሰብል ቦታ ለቀቀ፣ ማረሻው ተዳፋት ወጣ። እስከ ዛሬ በመንገድ ዳር የሄደውን ማሳ የሸፈነው ይህ መስፋፋት ነው። ሜዳው ለግንብ ሲሄድ ገበሬው ዳገቱን ያርሳል፤ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ሄክታር ሄዶ አንድ ሄክታር ተተካ፣ ሚዛኑ አልተዛባም። ዳገቱ ግን አፈሩ በየክረምቱ ይታጠባል። ይህን መተካካት እስከ መቼ መቀጠል ይቻላል የሚለው ጥያቄ፣ የቤተሰብ ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት አገር፣ ለሩቅ ዘመን የሚተው አይደለም።

ይህ ሲባል ግን ከምግብ ሰብል የሚወጣ መሬት ሁሉ የጠፋ መሬት ነው ማለት አይደለም። ይህን ለማየት ወደ አዊ መሄድ ይጠቅማል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ቀድሞ ጤፍና እንግዶ ይዘራበት የነበረው ማሳ ብዙው ዛሬ በዲከረንስ ተሸፍኗል። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። ገበሬው ክረምት ላይ ችግኙን በመስመር ይተክልና በመካከሉ ጤፍ ይዘራል፤ የመጀመሪያው ዓመት እህል ይገኛል። ከዚያ ዛፉ ጥላ ሲያጠላ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል፣ ግንዱ ይከመራል፣ በሣርና በአፈር ይደፈናል፣ እሳት ይለቀቅበታል። ለቀናት ከክምሩ ነጭ ጭስ ሲወጣ ይከርማል፤ አክሳዩ ሌሊት ሳይቀር እየተነሳ አፈሩ የተሰነጠቀበትን ይደፍናል፣ አየር ከገባ ከሰሉ አመድ ነውና። በመጨረሻ በማዳበሪያ ተሞልቶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። መሬቱ እንደገና ይታረሳል፣ ጤፍና ችግኝ አብረው ይመለሳሉ።

በሄክታር ስሌት ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ በአምስት ዓመት አንዴ ብቻ ጤፍ። የአካባቢውን አፈር ያየ ግን እንዲህ አይፈርድም። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው፤ አዊ ደግሞ ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው። ኖራ ያላገኘ አሲዳማ መሬት ማዳበሪያ ቢጣልበትም እህል አይሰጥም፤ እንግዶ እንኳ የሚዘራው ሌላው እምቢ ስላለ ነው። ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር እየሳበ ወደ አፈር ይመልሳል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ስሩ አፈሩን ይይዛል። በአምስት ዓመት አንዴ የሚገኘው ጤፍ ድሮ በየዓመቱ ይገኝ ከነበረው ተስፋ አስቆራጭ ምርት ያን ያህል ላያንስ ይችላል፤ በዚያ ላይ የከሰሉ ገንዘብ አለ። አደጋ የለውም አልልም። በቅርብ ዓመታት ዝገት የሚመስል የፈንገስ በሽታ ዛፉን መትቶት ብዙ ገበሬ ችግኙ በቁሙ ሲደርቅበት አይቷል፤ አንድ ወረዳ በአንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል የሚመጣ ነው። ግን በሽታው በመጣ ጊዜም ገበሬው ዛፉን ነቅሎ ወደ እህል ወይም ወደ ድንች መመለስ ይችላል። መሬቱ እዚያው ነው። ከዱከሙ ግንብ የሚለየውም ይኸው ነው።

መሬትን ሆን ብሎ ከእርሻ ማስወጣትን እንደ ፖሊሲ ከያዙ አገሮችም የምንማረው አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ጎተራዋ በእህል ስለተጨናነቀ ገበሬው መሬቱን ጦም እንዲያሳድር፣ በምትኩም ከመንግሥት ክምችት እህል እንዲሰጠው አደረገች። ወደ 31 ሚሊዮን ሄክታር ሳይታረስ ቀረ። በቆሎ የተሰበሰበበት መሬት በሲሶ ገደማ ቀነሰ። ገበሬ መሬት አስቀምጥ ሲባል ደካማውን እንደሚያስቀምጥ የታወቀ ነውና የቀረው መሬት የተሻለ ያመርታል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። በዚያው በጋ ግን ድርቅ መጣ፤ የሄክታሩም ምርት እንዲሁ በሲሶ ገደማ ወረደ። ሁለቱ ሲባዙ ምርቱ ከ209 ሚሊዮን ቶን ወደ 106 ሚሊዮን ቶን ወደቀ። መሬት መቀነስ ብቻውን ይህን አያደርስም ነበር፤ ድርቁም ብቻውን እንዲሁ። ያዳናቸው አስቀድሞ ጎተራ ውስጥ የነበረው እህልና፣ መሬቱ ለቀጣዩ ዓመት ማረሻ ብቻ የሚጠብቅ መሆኑ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካኖች ለመሸርሸር የተጋለጠውን መሬት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚቆይ የኪራይ ውል ከእርሻ የሚያሳርፍ ፕሮግራም አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 በውሉ የታቀፈው ወደ 15 ሚሊዮን ሄክታር ደርሶ ነበር። ይህን የመረመረ አንድ የታወቀ ጥናት፣ መቶ ሄክታር ባረፈ ቁጥር ሀያ ሄክታር ያህል ያልታረሰ መሬት በሌላ ቦታ ወደ እርሻ እንደገባ አሳይቷል፤ የእኛን ዳገት የወጣ ማረሻ የሚመስል ነገር ነው። የእህል ዋጋ ሲንር ግን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 ባለው ጊዜ አምስት ሚሊዮን ሄክታር ያህል ከውሉ ወጣ፣ ብዙውም ዳግም ታረሰ። አውሮፓም ገበሬው ከመሬቱ አሥር በመቶ እንዲያሳርፍ ያስገድድ የነበረውን ደንብ እ.ኤ.አ. ለ2008 ምርት ዜሮ አደረገው። ያረፈ መሬት እንግዲህ ከጎተራ እህል የሚለየው መከር እስኪደርስ በመቆየቱ ብቻ ነው።

ጫት በዱከሙ ግንብና በአዊው ዲከረንስ መካከል ያለ ነገር ነው። በሐረርጌ ዳገቶች፣ ከአወዳይ ገበያ በላይ ባሉት እርከኖች፣ ጫቱ በረድፍ ቆሞ በመሀሉ ማሽላ ይታያል፤ ከዓመት ዓመት ግን ረድፉ እየጠበበ ማሽላው እየሳሳ ይሄዳል። በአገሪቱ በጫት የተያዘው መሬት ከሩብ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። ለጫት ገበሬ የሚሟገት ሰው የሚያነሳው መከራከሪያ ቀላል አይደለም፤ ግማሽ ሄክታር እንኳ ያልሞላ ይዞታ ያለው ሰው ማሽላ ዘርቶ ዓመት አይደርስም፣ ጫት ሸጦ ግን እህል ገዝቶ ይበላል። እውነት ነው። ጫት ያለው ቤት ከሌለው ቤት የተሻለ ይበላል፤ ገበሬውን እህል ዝራ ብሎ መውቀስም ረሃብን በእሱ ላይ መፍረድ ነው። ነገር ግን ለአንድ ቤተሰብ የሚሠራው ለአካባቢው ሁሉ ሲሆን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ እህሉን የሚያመርት ሌላ ሰው፣ የሚያመጣው ክፍት መንገድና የማይዘጋ የጫት ገበያ። ጫቱ በሰዓታት ውስጥ ጂቡቲና ሶማሌላንድ ካልደረሰ ይጠወልጋል። የገዢው አገር ውሳኔ ደግሞ በአምራቹ እጅ አይደለም፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ስትከለክል የሐረርጌን ገበሬ አላማከረችም። ጫቱ ሊነቀል ይችላል፣ መሬቱ አልሞተም። ግን ዓመታት የወሰደ ተክል በአንድ የእህል ውድነት አይነቀልም፤ በተግባር ሲታይ የሚመለሰው ቀስ ብሎ ነው።

አንዳንዶች የጎደለውን ከውጭ እንገዛለን፣ ወይም በቆላው እናለማለን ይላሉ። ለስንዴ ይህ ይሠራል። ስንዴ የዓለም ገበያ አለው፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመስኖ የሚመረተው የበጋ ስንዴም በሞቃታማው ቆላ ሳይቀር ተስፋፍቷል። ጤፍ ግን ሌላ ነው። በመርከብ ሞልቶ የሚመጣበት አገር የለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ጥሬው ወደ ውጭ እንዳይወጣ በመከልከሉ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ወገናችን በአይዳሆ የሚበቅለውን የአሜሪካ ጤፍ ለምዷል፤ ያም የሚያመርተው ለሱቅ የሚበቃ እንጂ የአንድ አገርን ጉድለት የሚሞላ አይደለም። ቆላው የሚሰጠው ስንዴ፣ ፓምፑ በሚጠጣው ነዳጅ የሚወደድ ስንዴ፣ የእንጀራውን ቦታ በከፊል ሊይዝ ይችላል። የመረሬውን ጤፍ ግን የሚተካ ሌላ መረሬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይመረትም።

ከተማ አይስፋ ማለት ግን አይቻልም። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ሰበታንና ገላንን ጠቅልላ የተመሠረተችው ሸገር ከተማ የምትነግረን፣ አዲስ አበባን የከበበው እርሻ በካርታ ላይ ጭምር ከተማ መባሉን ነው። ሰው ይወለዳል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ፋብሪካ መሬት ይሻል፤ አውሮፕላንም በዳገት አያርፍም። ክርክሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለልማት የሚነሳ ገበሬ ካሳ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር የሚሰላው፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ከሦስት ዓመቱ ከፍተኛውን ይዞ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ለገበሬው መሻሻል ነው። ሁለቱም ቀመሮች የሚለኩት ግን የተነሺውን ገቢ ነው፤ በክፉ ዓመት ከዚያ ማሳ ይገኝ የነበረውን እህል የሚጠይቅ አንቀጽ የለባቸውም። በዚያ ላይ በካሳ የተወሰደው ሁሉ አልተገነባበትም። ታጥሮ የተቀመጠ መሬት መንግሥት ራሱ በየጊዜው ውል አቋርጦ የሚነጥቀው፣ በየከተማው አስተዳደር ስብሰባ የሚነሳ አሮጌ በሽታ ነው። እህልም ሥራም የማይሰጥ መሬት ከሁሉ የከፋው አወጣጥ ነው፤ የዲከረንስ ማሳ እንኳ ከሰል ይሰጣል። ይነሳል የተባለ መሬት ገና ሳይነሳ መድከም መጀመሩም አለ፤ ነገ ለሚወሰድበት ማሳ ኖራ የሚገዛ፣ ውሃ የሚያፋስስ ቦይ የሚቆፍር ገበሬ የት ይገኛል?

ስለዚህ አዲስ መረሬ ከመወሰዱ በፊት በአጥር ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ መሙላት አለበት፤ ከተማውም ወደ ጎን ከመሄዱ በፊት ወደ ላይ ይሂድ። ይህ ሁሉ የመሬት ፈላጊውን ወጪ ይጨምራል ይባላል፤ ይጨምራል። የአድአን መሬት ርካሽ ያደረገው ግን ሜዳ፣ ለመንገድ ቅርብና ለግንባታ ዝግጁ ሆኖ መገኘቱ እንጂ ዋጋ ማጣቱ አይደለም፤ ዛሬ ያልተከፈለው ልዩነት ድርቅ በመጣበት ዓመት እንጀራ በሚገዛው ሰው ይከፈላል። የትኛው ሄክታር የትኛው እንደሆነ ለመለየትም አዲስ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም። ኢትዮሲስ በተባለው ፕሮጀክት የአገሪቱ የእርሻ አፈር በየወረዳው ናሙናው ተወስዶ ካርታ ተሠርቶለታል፤ እስካሁን ያገለገለው በዋናነት ለየትኛው አካባቢ የትኛው ማዳበሪያ ይሰራጭ የሚለውን ለመወሰን ነው። ያው ካርታ መሬት ለማስነሳት በሚሞላው ቅጽ ላይ ከስፋቱና ከካሳው ጎን አንድ ተጨማሪ ረድፍ እንዲኖር በቂ ነው፤ የአፈሩን ዓይነት የሚገልጽ።